የጠፋችውን ሎኮሞቲቭ መልሶ መሥራት፦ ለጠባብ ሐዲድ የቅርስ መስመር የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ቅጂ፣ ከመጀመሪያው ልኬት እስከ መጀመሪያው እሳት

በእንግሊዝ ዴቨን ውስጥ ከባርንስታፕል ወደ ሊንተን የሚወጣ ጠባብ የባቡር መስመር ነበር። በ1898 ተከፈተ፣ በ1935 ተዘጋ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አምስት ሎኮሞቲቮች ነበሩት። አራቱ ተቆራርጠው በውዳቂ ብረት ዋጋ ተሸጡ። አምስተኛዋ፣ "ሉ" የምትባለው፣ በ1936 በመርከብ ተጭና ወደ ብራዚል ሄደች። ከዚያ በኋላ ደብዛዋ ጠፋ።

ዛሬ ግን የዚያ መስመር ሎኮሞቲቮች እንደገና እንፋሎት ይተነፍሳሉ። የ"ሉ"ን ንድፍ ተከትላ የተሠራችው "ሊድ" በ2010 ዌልስ ውስጥ በቦስተን ሎጅ የጥገና ሥፍራ ተጠናቀቀች። የ"ሊን" ቅጂ ደግሞ በ2017 ደረሰች፤ የመጀመሪያዋን "ሊን" የሠራው አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ የነበረው ባልድዊን ፋብሪካ ነው። ጀርመን ሳክሶኒ ውስጥም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። የሃርትማን ፋብሪካ ከ1881 ጀምሮ "አንድ ካ" የሚባለውን ዓይነት 44 ሠርቶ ነበር። አንዷም አልተረፈችም። በ2009 ግን ቁጥር 54 ተብላ አዲስ ተሠራች።

ስለዚህ ይቻላል። ይህን ሥራ ለመጀመር ለምታስቡ ሰዎች ቅደም ተከተሉን ልንገራችሁ። "ሰዎች" ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ይህ የቡድን ሥራ ነው፣ ዓመታትም ይወስዳል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንስማማ። የምትሠሩት ሐውልት አይደለም። እሳት ውስጧ የሚነድ፣ ግፊት የተሸከመች፣ ከኋላዋ ሕፃናት የተሳፈሩባት ማሽን ናት። እኔ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፦ ዓይን የሚያየው እንደ ድሮው፣ ግፊትና ፍሬን የሚነካው እንደ ዛሬው። በየደረጃው ክርክር ሲነሳ ወደዚህ ደንብ ተመለሱ።

መጀመሪያ መስመሩን ለኩ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሚወዳት ሎኮሞቲቭ ነው። ይገባኛል። መጀመር ያለበት ግን ከሐዲዱ ነው።

ጠባብ ሐዲድ ሲባል አንድ ልክ የለውም። መደበኛው 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በታች 600፣ 686፣ 750፣ 762፣ 900፣ 950፣ 1000 ሁሉም አለ። የሊንተኑ መስመር 597 ነበር። የሳክሶኒው 750 ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ኩርባ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ስሙን ሰምታችሁ አትቀበሉ፤ ወርዳችሁ በብዙ ቦታ ለኩ።

ከዚያ እነዚህን ጻፉ። ሐዲዱና ድልድዮቹ በአንድ አክስል (ሁለት መንኮራኩሮችን የሚያገናኝ ዘንግ) ስንት ቶን ይችላሉ? ከሁሉ የጠበበው ኩርባ ስንት ነው? ከሁሉ የጠበበው ዋሻ ወይም ድልድይ ምን ያህል ቁመትና ስፋት ያሳልፋል? ከሁሉ የከፋው ዳገት ምን ያህል ነው፣ ስንት ተሳቢስ ይጎተትበታል?

አሁን ሒሳብ። የሁለት ሲሊንደር ሎኮሞቲቭ የመሳብ ኃይል የሚሰላው እንዲህ ነው። የሲሊንደሩን ውስጣዊ ዲያሜትር በራሱ አባዙ። በፒስተኑ የጉዞ ርዝመት አባዙ። በቦይለሩ፣ ማለትም ውኃው በሚፈላበት ጋን፣ ግፊት አባዙ። በመንኮራኩሩ ዲያሜትር አካፍሉ። መጨረሻ ላይ በ0.85 አባዙ፤ ግፊቱ ሲሊንደር እስኪደርስ የሚቀንሰውን ለማካካስ ነው።

በቁጥር እንየው። ሲሊንደር 250 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተን ጉዞ 400፣ መንኮራኩር 840፣ ግፊት 11 ባር ይሁን። ውጤቱ ወደ 28 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም በግምት 2,800 ኪሎ ግራም ኃይል ይመጣል። ይህ ኃይል መንኮራኩሩን ባለበት እንዳያሽከረክረው፣ በሚነዱት አክስሎች ላይ ያረፈው ክብደት ቢያንስ የዚህ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ከ11 ቶን በላይ ማለት ነው። ሐዲዳችሁ በአክስል 4 ቶን ብቻ ከቻለ፣ ሦስት የሚነዱ አክስሎች ያስፈልጓችኋል።

ዳገቱስ? በ50 ሜትር 1 ሜትር የሚወጣ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ቶን ለመውጣት ብቻ 20 ኪሎ ግራም ኃይል ይፈልጋል። ለኩርባውና ለኩሽኔታው ፍትጊያ 10 ጨምሩ። በወረቀት ላይ 90 ቶን ገደማ ትስባለች፤ ራሷን ጨምሮ። እውነተኛው ጭነት ግን ከዚያ በደንብ ዝቅ ማለት አለበት። ሐዲድ ይረጥባል፣ ቅጠል ይወድቅበታል፣ ቦይለሩም በረጅም ዳገት ላይ ይደክማል።

ይህን ሒሳብ ሳትሠሩ የምትወዷትን ሎኮሞቲቭ አትምረጡ።

የስንት ዓመተ ምሕረቷን ነው የምትሠሩት?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ቡድን የሚከፋፍለው ግን እሱ ነው። አንዲት ሎኮሞቲቭ 40 ዓመት ስትሠራ ጭስ ማውጫዋ ይቀየራል፣ የነጂው ክፍል ጣሪያ ይረዝማል፣ ፍሬኗ ይለወጣል፣ ቀለሟ ሦስት አራት ጊዜ ይቀየራል። ከፋብሪካ የወጣችበትን ቀን ነው ወይስ ሰው በፎቶ የሚያስታውሳትን? አንድ ዓመት ምረጡ። በቃለ ጉባኤ አስፍሩት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጥያቄ በዚያ ዓመት ይዳኛል።

ስዕሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ አይደሉም። ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ወረቀቱ እጅ በእጅ ዞሯል፣ ግማሹ ተቃጥሏል። የተረፈው በብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ በባቡር ሙዚየሞችና በግለሰቦች እጅ ይገኛል። ፋብሪካው ለሌላ ደንበኛ የሠራት እህት ሎኮሞቲቭ በሕይወት ካለች ሄዳችሁ ለኳት። ቧንቧ ማያያዣው፣ የበር ማጠፊያው፣ የእጀታው ቅርጽ ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

ፎቶም ይረዳል። ግን ተጠንቀቁ። ከጎን በቀጥታ፣ ከሩቅ የተነሳ ይሁን። ልኩን የምታውቁትን አንድ ነገር ያዙ፣ ለምሳሌ የመንኮራኩሩን ዲያሜትር። ከዚያ ሌላውን በሱ መጥኑ። ከቅርብ የተነሳ ፎቶ ፊት ያለውን ያገዝፋል፣ ኋላ ያለውን ያሳንሳል። በዚህ መንገድ የተለካ ጭስ ማውጫ ተገጥሞ ሲታይ ሁሉም ሰው "የሆነ ነገር ልክ አይደለም" ይላል፤ ምን እንደሆነ ግን ማንም አይነግራችሁም።

ሁሉንም በኮምፒውተር በባለ ሦስት ገጽታ (3D) ሣሉት። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቁጥር ይኑረው፣ እስከ ትንሿ ብሎን ድረስ። ሻሲው ከቦይለሩ ጋር፣ ቢየላው (ፒስተኑን ከመንኮራኩሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ከሻሲው ጋር የማይጋጭ መሆኑን እዚያው ስክሪን ላይ አንቀሳቅሳችሁ እዩ። በወረቀት ላይ ግጭት ማረም የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ብረት ከተቆረጠ በኋላ የወራት ሥራ ይሆናል።

ምን ይለወጥ፣ ምን አይነካ

ስዕሉ ሲያልቅ ዝርዝር አውጡ። አንደኛው ለውጥ ላይ ክርክር የለም፦ አስቤስቶስ፣ ሳንባ የሚጎዳው ማዕድን። የድሮ ስዕሎች ቦይለሩን የሚሸፍነውን ሙቀት መከላከያ አስቤስቶስ ይሉታል። በማዕድን ሱፍ ተኩት። የድሮ ጓርኒሲዮኖችም (የመገጣጠሚያ ማሸጊያዎች) እንዲሁ።

ሁለተኛው የቦይለሩ አሠራር ነው። ድሮ በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ ተመትቶ በሚጠፈጠፍ የብረት ምስማር፣ ይያያዝ ነበር። ዛሬ በብየዳ ይሠራል። ብየዳው ከሽፋን ላሜራው ሥር ስለሚደበቅ መልኳን አይለውጠውም። መልኳን የሚሠራው ግን የሚታየው ሪቬት ነው። በውኃ ጋኖቹ፣ በጭስ ሳጥኑና በነጂው ክፍል ላይ ያሉትን ሪቬቶች አትዝለሏቸው። ርቀታቸውን ከፎቶ ቆጥራችሁ አስቀምጡ።

ፍሬን፣ የተሳቢ ማያያዣ፣ መብራት፦ እነዚህ መስመራችሁ ከሚጠቀምባቸው ጋር መግጠም አለባቸው። የውኃና የከሰል መያዣው ከሚታየው ልክ ሳይወጣ ከውስጥ ሊሰፋ ይችል እንደሆነም እዩ። የዛሬ የቅርስ ባቡር ፕሮግራም ከድሮው የተለየ ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ ገለልተኛ የቦይለር መርማሪ ጋብዙ። ቦይለሩ ካለቀ በኋላ ሳይሆን አሁን። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የ2014ቱ የግፊት ዕቃዎች መመሪያ ንድፉ፣ ብረቱና ብየዳው ገና ከጅምሩ ዕውቅና ባለው አካል እንዲታይ ያስገድዳል። ሕጉ በየአገሩ ይለያያል። ንድፉን ቀድሞ ያላየ መርማሪ ግን የትም አገር ቢሆን በመጨረሻው ሰዓት ፊርማ አይሰጥም፤ መስጠትም የለበትም።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ

በመደበኛ ሐዲድ ላይ የምትሄደው "ቶርኔዶ" በ2008 ስትጠናቀቅ ሐሳቡ ከተጠነሰሰ 18 ዓመት ሆኖት ነበር። ያቆማት በዋናነት በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚሰጡ ብዙ ሰዎች ናቸው። የሳክሶኒዋ ቁጥር 54 ደግሞ ብዙ ድርጅቶች ዕቃዎቿን በየፊናቸው ሠርተው በማበርከታቸው ነው የቆመችው። ሁለቱም መንገድ ይሠራል። እኔ የምመክረው ዕቃ በዕቃ መሸጥን ነው። "የ3ኛው አክስል ወጪ" ብላችሁ ለአንድ ቤተሰብ ስጡት። ሰው የራሱ የሆነ ብረት ሲኖረው ዓመቱ ቢረዝምም አይለያችሁም።

ቦይለሩ ከሁሉ ውዱ ስለሆነ ገንዘቡ ቶሎ ለብቻው ይቀመጥ። የሚሠሩት ድርጅቶች ጥቂት ናቸው፣ ወረፋውም ረጅም ነው። ስለዚህ ንድፉ እንደጸደቀ ወረፋ ያዙ፣ እናንተ ሻሲው ላይ ስትሆኑ እሱ ይሠራል።

ሻሲው

ሁሉም ነገር የሚያርፈው በሁለት ወፍራም የብረት ሰሌዳዎች ላይ ነው። ግራና ቀኙ ፍጹም መንትያ መሆን አለባቸው። በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ቢቆርጣቸውም፣ ለዋናዎቹ ቀዳዳዎች ሁለቱን ደርባችሁ አንድ ላይ ብሱ።

ከዚያ በተስተካከለ ወለል ላይ አቁሟቸው፣ በመካከላቸው ያሉትን ማያያዣዎች በጊዜያዊ ብሎን እሰሩ። ቀጥሎ ሰያፉን ለኩ፦ ከፊት ግራ ጥግ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ። እኩል ካልሆኑ ሻሲው ተጣሟል። ፈታ አድርጉ፣ አስተካክሉ፣ እንደገና ለኩ። ቋሚው ብሎን የሚገባው ቀዳዳው በልኩ ተሞርዶ፣ በመዶሻ ተመትቶ የሚገባ ሆኖ ነው። የሚንቀጠቀጥ ብሎን በአንድ ክረምት ሥራ ቀዳዳውን ሞላላ ያደርገዋል።

የአክስል ቤቶቹ የሚንሸራተቱባቸው ክፍተቶች ከሻሲው ጋር ፍጹም ቀጤ ነክ መሆን አለባቸው። ለማረጋገጥ ቀጭን የብረት ሽቦ በሲሊንደሩ መሃል አልፎ እስከ ዋናው አክስል መሃል ይወጠራል። ይህ ሽቦ የሎኮሞቲቯ አከርካሪ ነው። ሁሉም ልኬት ከሱ ይነሳል።

ባሌስትራዎቹን አሁን እዘዙ። የሎኮሞቲቯን ትክክለኛ ክብደት ሳያውቅ ባሌስትራ የሚሠራ ሰው ስለሌለ፣ የኮምፒውተር ስዕሉ ክብደቱን በየአክስሉ ከፋፍሎ መስጠት ይኖርበታል።

መንኮራኩሮቹ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ውቡ ክፍል ይህ ነው።

መጀመሪያ የእንጨት ሞዴል ይሠራል። ብረት ማቅለጫው ሞዴሉን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ቅርጹን ይወስዳል። ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቃል። ጊዛ (ካስት አይረን) 1 በመቶ ገደማ፣ ስቲል 2 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ሞዴሉ ከሚፈለገው ልክ መብለጥ አለበት። ለጊዛ የተሠራ ሞዴል ለስቲል ከተላከ 700 ሚሊ ሜትር መሆን ያለበት መንኮራኩር 7 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ማሽን የሚላጨው ትርፍ ብረት አይኖርም። ስለዚህ የትኛው ብረት እንደሚፈስ ሳይወሰን የሞዴል ሠሪው መጋዝ አይነሳ።

የፈሰሰው መንኮራኩር በቶርኖ ይላጫል። በላዩ የሚለብሰው የብረት ቀለበት ለብቻው ተሠርቶ ይመጣል። የቀለበቱ ውስጥ ከመንኮራኩሩ ውጭ በጥቂቱ ያንሳል፦ በእያንዳንዱ ሜትር ዲያሜትር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለ720 ሚሊ ሜትር መንኮራኩር 0.7 ወይም 0.8 ብትሉ ልክ ነው። ሲቀዘቅዝ የሚያንቀው ይህቺ ልዩነት ናት።

ቀለበቱን ወለል ላይ አጋድማችሁ ዙሪያውን በጋዝ እሳት እኩል አሙቁት። ወደ 250 ዲግሪ ሲደርስ ውስጡ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ቀድማችሁ የሠራችሁትን መለኪያ ዘንግ በሽቦ ይዛችሁ ውስጡ አዙሩ። ሳይነካ ካለፈ ደርሷል። መንኮራኩሩ ከላይ በሰንሰለት ቀስ ብሎ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ማንም አያወራም። አንዱ የሰንሰለቱን ሰው በእጅ ምልክት ይመራዋል። መንኮራኩሩ ቁጭ ካለ በኋላ ለማስተካከል ያላችሁ ጊዜ በጣም አጭር ነው። ከዚያ ቀለበቱ ይይዘዋል። በነጋታው በትንሽ መዶሻ መታ አድርጉት፤ እንደ ደወል ጥርት ብሎ መጮህ አለበት። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ የሆነ ቦታ አልያዘም ማለት ነው።

መንኮራኩሩ አክስሉ ላይ የሚገባው በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ነው። በስንት ቶን ግፊት እንደገባ በግራፍ ይመዝገብ። በቀላሉ የገባ መንኮራኩር በቀላሉ ይወጣል። አክስሉ ራሱ የተቀጠቀጠ ስቲል ይሁን፤ ከመላጨቱ በፊት ውስጡ ስንጥቅ እንደሌለበት በአልትራሳውንድ ይታይ።

አሁን ማዕዘኑ ይመጣል። የግራውና የቀኙ ክራንክ፣ ማለትም ቢየላው መንኮራኩሩን የሚያዞርበት ክንድ፣ በ90 ዲግሪ መለያየት አለባቸው። አንደኛው ፒስተን የጉዞው ጫፍ ላይ ደርሶ መግፋት ሲያቅተው ሌላው ሙሉ ኃይል ላይ እንዲሆን ነው። ያለዚያ ሎኮሞቲቯ አንዳንድ ቦታ ቆማ አትነሳም። እዚህ ላይ አዳዲስ ሰዎች የሚስቱት ነገር አለ። 90 ዲግሪው ጥቂት ቢዛባ ብዙ አይጎዳም። ሁሉም አክስሎች በትክክል አንድ ዓይነት ካልሆኑ ግን መንኮራኩሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዙት አገናኝ ዘንጎች በየዙሩ ይታገላሉ፣ የነሐስ ኩሽኔታዎቻቸውን ይበላሉ፣ በመጨረሻም የክራንኩን ፒን ያጣምማሉ። ስለዚህ ሁሉንም አክስል በአንድ መለኪያ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ሰው እጅ አስተካክሉ።

ሲሊንደርና ቫልቭ

ሲሊንደሩ ከጊዛ ይፈሳል። ውስጡ የእንፋሎት መተላለፊያዎች ስላሉት የአሸዋ ልብ ያስፈልገዋል። የአሸዋው ልብ በብረቱ ክብደት ትንሽ ከተንሳፈፈ አንዱ ግድግዳ ይሳሳል። ስለዚህ ከማቅለጫው እንደመጣ፣ ለማሽን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት፣ የግድግዳውን ውፍረት በአልትራሳውንድ ለኩት። ከዚያ በውኃ ግፊት ሞክሩት። የሚያልብ ሲሊንደር አትቀበሉ። "በሥራ ላይ ይደፈናል" የሚል አይጠፋም፤ አትስሙት።

የፒስተኑ ፋሻዎች (ዙሪያውን የሚያሽጉት ቀለበቶች) ከሲሊንደሩ ለስለስ ያለ ጊዛ ይሁኑ። ፋሻ ይለወጣል፣ ሲሊንደር ግን ከነሞዴሉ እንደገና ነው።

እንፋሎት መቼ እንደሚገባና እንደሚወጣ የሚወስነው የቫልቭ አሠራሩ ነው። በጠባብ ሐዲድ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ቤልጅጋዊው ዋልሻርት በ1844 የፈጠረውን ነው፤ ከመንኮራኩሮቹ ውጭ ስለሚታይ ለመሥራትም ለመጠገንም ይመቻል። ከመጀመሪያዋ ሎኮሞቲቭ የተለየ ዓይነት አታስገቡ። ይህ ከዓይን ደንቡ ውስጥ ነው፦ ሕፃናት ቆመው የሚያዩት ይህን እንቅስቃሴ ነው። ልኩ ሲስተካከል ሁለት ሲሊንደር ያላት ሎኮሞቲቭ በአንድ ዙር አራት እኩል ትንፋሽ ትሰጣለች። አንዱ ከሌላው ከረዘመ ወይም ከደከመ ቫልቩ ይስተካከል። በጆሮ ይታወቃል።

ቦይለሩ

አብዛኛው ሰው ቦይለር ትልቅ ጀበና ይመስለዋል። አደጋው ግን ውኃው ውስጥ ነው። በ10 ባር ግፊት ውኃ የሚፈላው በ184 ዲግሪ ገደማ ነው። ዕቃው ድንገት ቢከፈት ከዚያ ሁሉ የተግለበለበ ውኃ ከፊሉ በአንዴ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። አንድ ሊትር ውኃ በተራ የአየር ግፊት ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ላይ ማዳን የሚባል ነገር የለም።

ብረቱ ለግፊት ዕቃ የተሠራ፣ የምስክር ወረቀት ያለው ይሁን። ሰሌዳው ላይ የተመታ ቁጥር አለ። ሰሌዳው ሲቆረጥ ቁጥሩ ከመቆረጡ በፊት ወደ እያንዳንዱ ቁራጭ ይዛወራል። ቁጥር የሌለው ቁራጭ ምንም ያህል ጥሩ ቢመስል ቦይለር ውስጥ አይገባም። በያጁ ለዚያ ዓይነት ብየዳ የተፈተነ መሆን አለበት፤ ዋና ዋና ስፌቶቹም በኤክስሬይ ወይም በአልትራሳውንድ ይታያሉ።

የእሳት ሳጥኑ ከውስጥ እሳት፣ ከውጭ ውኃ ይከበዋል። ውኃው በመካከላቸው ያለውን የውስጡንና የውጩን ግድግዳ አያይዘው የሚይዙት በመቶ የሚቆጠሩ ደጋፊ ዘንጎች ናቸው። ድሮ የእሳት ሳጥኑ ከመዳብ ይሠራ ነበር። መዳብ ሙቀት በደንብ ያስተላልፋል። ስቲል ይረክሳል፣ ይበየዳል፣ ግን ጥንቃቄ ያለው የውኃ አያያዝ ይፈልጋል። ዛሬ አብዛኛው አዲስ ሥራ በስቲል ነው። እናንተም ስቲል ከመረጣችሁ የውኃ ማከሚያ መሣሪያውን ወጪ ከአሁኑ ያዙ።

የእሳት ሳጥኑ ጣሪያ ምንጊዜም በውኃ መሸፈን አለበት። ከተጋለጠ ብረቱ ግሎ ይለሰልስና ግፊቱ ወደ ታች ይቀደዋል። ለዚህ ነው ጣሪያው ላይ እርሳስ የተሞላ ቡሽ የሚገባው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ እንፋሎቱም ወደ እሳቱ ጮሆ ይወርዳል። ማስጠንቀቂያ ነው፤ እሳቱን ያጠፋል ብላችሁ አትመኑበት። ዋናው መከላከያ የነጂው ዓይን ነው። ስለዚህ ሁለት የውኃ መጠን ማሳያ መስታወት፣ ውኃ የሚያስገቡ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች፣ ሁለት የደህንነት ባልቦላዎች ይኑሩ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ወደ ቤት ያደርሳል።

ፈተናው በቀዝቃዛ ውኃ ነው፦ በተለምዶ ከሥራው ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ። ለ10 ባር ቦይለር 15 ባር። በአየር በፍጹም አይሆንም። ውኃ ስለማይጨመቅ ስፌት ቢሰነጠቅ ጠብ ይልና ግፊቱ ይወርዳል። የታመቀ አየር ግን ይፈነዳል።

ገጠማ

ቦይለሩ ሻሲው ላይ ሲያርፍ ፊቱ፣ በጭስ ሳጥኑ በኩል፣ ከሲሊንደሮቹ ጋር ጥብቅ ብሎ ይታሰራል። ኋላው ግን መታሰር የለበትም። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ቦይለር ሲሞቅ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በሁለቱም ጫፍ ካሰራችሁት ወይ ሻሲውን ያጎብጣል ወይ ራሱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የኋላው ድጋፍ የሚንሸራተት ይሁን። ቧንቧዎቹም ሲዘረጉ ይህን 8 ሚሊ ሜትር ያስቡ። ቀጥ ብሎ ከነጂው ክፍል ወደ ሻሲው የወረደ አጭር ቧንቧ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው።

ቢየላውን ከመግጠማችሁ በፊት ፒስተኑን በእጅ እስከ ሁለቱ ጫፎች ገፍታችሁ፣ የሚነካበትን ቦታ በመሪ ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጉ። ቢየላው ሲገጠም ፒስተኑ ከሁለቱም ምልክቶች እኩል ጥቂት ሚሊ ሜትር ቀድሞ መመለስ አለበት።

የመጀመሪያው እሳት

የመጀመሪያው ቀን ታዳሚ አትጥሩ። መርማሪውና ሥራው የሚመለከታቸው ብቻ ይኑሩ።

ውኃውን እስከ መስታወቱ ግማሽ ሙሉ። በትንሽ እንጨት ጀምሩ። አዲስ ቦይለር በችኮላ አይሞቅም፤ ቀኑን ሙሉ ስጡት። ግፊት ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱን ቡሽ፣ እያንዳንዱን የጭስ ቱቦ ጫፍ በባትሪ እዩ። የሚያንጠባጥብ ዳዶ ካለ እሳቱን አውርዱ፣ ግፊቱ ዜሮ ይሁን፣ ከዚያ አጥብቁ። ግፊት ያለበትን ዳዶ ማጥበቅ ክልክል ነው። ይህ ሕግ ማንም ሰው ልምድ አለኝ ብሎ የሚዘለው አይደለም።

ቀጥሎ ሲሊንደሮቹ ከመገናኘታቸው በፊት እንፋሎቱን በቧንቧዎቹ ወደ ውጭ ንፉ። የብየዳ ፍርፋሪ፣ የማቅለጫ አሸዋ፣ የቶርኖ ብናኝ ይወጣል። ነጭ ጨርቅ ወይም ንጹሕ ሰሌዳ ፊቱ አስቀምጡ፤ ሰሌዳው እስኪጠራ ደጋግሙ።

ከዚያ የደህንነት ባልቦላዎቹ ይሞከራሉ። እሳቱ ሙሉ ሆኖ፣ ምንም እንፋሎት ሳይወጣ፣ ባልቦላዎቹ ብቻቸውን ግፊቱን መቆጣጠር አለባቸው። በተለመደው መስፈርት ከሥራው ግፊት ከ10 በመቶ በላይ እንዲያልፍ አይፈቀድም። ከቻሉ መርማሪው ያሽጋቸዋል። ከዚያ ወዲያ እጅ አይነካቸውም።

ስትንቀሳቀስ የሲሊንደር ማፍሰሻዎቹ ክፍት ይሁኑ። ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ እንፋሎት ውኃ ይሆናል። ውኃ አይጨመቅም፤ ፒስተኑ ሲገፋው ክዳኑን ይሰብረዋል። ከሥሯ ነጭ እንፋሎት እየተፋች የመጀመሪያውን ሜትር ትሄዳለች። መጀመሪያ ወደፊት፣ ከዚያ ወደኋላ፣ እንደ ሕፃን።

ከዚያ ባዶዋን በዝግታ። በየማቆሚያው በእጃችሁ ጀርባ የአክስል ቤቶቹን ዳስሱ። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ ካላስቀመጠ ቁሙ፣ ዘይቱ የሚወርድበትን የሱፍ ክር እዩ። ቀጥሎ አንድ ተሳቢ፣ ከዚያ ሁለት፣ በመጨረሻ ሙሉ ጭነት በከፋው ዳገት ላይ፣ መሃል ዳገት አቁሞ በማስነሳት። የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ካለቁ በኋላ ሁሉንም ብሎን እንደገና ፈትሹ፤ አዲስ ማሽን ሁሌም ይላላል።

በብሪታንያ የቅርስ መስመሮች ዘንድ ቦይለሩ በተለምዶ በ10 ዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ ይፈታል። ያ ቀን ሲመጣ የምትፈልጉት ወረቀቱን ነው፦ የሰሌዳ ቁጥሮቹን፣ የመጭመቂያውን ግራፍ፣ የኤክስሬይ ፊልሙን፣ የለወጣችሁትን ሁሉ ከነምክንያቱ። በሁለት ቦታ አስቀምጡ። የእንጨት ሞዴሎቹንም አትጣሏቸው። ቀለም ቀቧቸው፣ የዕቃ ቁጥራቸውንና ለየትኛው ብረት እንደተሠሩ ጻፉባቸው፣ ደረቅ ክፍል ውስጥ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሯቸው።